የዶዘርና የዓሣው ፍርድ

ባለፈው ዓርብ ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ እንደ ገባሁ ልጄ ሊያ የሁለት ሰዎች ፎቶ ላከችልኝ። ሁለቱም የራስ ቁር ያጠለቁ፣ ትከሻቸው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾች ናቸው። ከሥሩ «ማም፣ ሁ ኢዝ ቤተር?» ይላል፤ ማን ይበልጣል ማለቷ ነው። ሊያ የምትሠራው አርሊንግተን ነው። የቢሮዋ ልጆች እውነተኛ ተጫዋቾችን እየመረጡ የየራሳቸውን የይስሙላ ቡድን የሚያቋቁሙበት ጨዋታ አላቸው፤ ዘንድሮ እሷም ገብታበታለች። እኔ ስለ ፉትቦል አዋቂ መሆኔን ማን እንደ ነገራት አልጠፋኝም። አያቷ ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ አባቴ ስለ እኔ ሲያወራ ማጋነን ይወድ ነበር።

ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። ይህንኑ ጥያቄ በሃያ ዓመቴ፣ ስለ ሌሎች ሁለት ሰዎች፣ ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ መልሼዋለሁ። ያውም ኳሷ ለምን ሞላላ እንደሆነች እንኳ በቅጡ ሳይገባኝ።

አባቴና ጓደኛው ጋሽ ንጉሤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራይተው ስምንት ዓመት አብረው ኖረዋል። ሁለቱም አርሊንግተን ውስጥ አንድ ፓርኪንግ ነበር የሚሠሩት። ፉትቦልን የተማሩት ወደው ሳይሆን ለሥራ ብለው ነው። ሰኞ ጠዋት የመኪናውን ቁልፍ የሚያስረክብ ደንበኛ ሁሉ «ትናንት ጨዋታውን አየኸው?» ይላል። «አላየሁም» ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ መኪና ሲያቆም ይውላል። እነሱ ደግሞ ዝምታ የሚችሉ ሰዎች አልነበሩም። ስለዚህ እሑድ እሑድ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለው እየተጠያየቁ፣ እየተሟገቱ፣ አንዳንዴም በግምት፣ የጨዋታውን ሕግ በራሳቸው አማርኛ ጻፉት ማለት ይቻላል።

በዚያ ጨዋታ ውስጥ ራኒንግ ባክ የሚሉት ሰው አለ። ኳሷን ተቀብሎ ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ሊጥሉት የሚመጡትን ሁሉ አልፎ ወደ ፊት የሚሮጠው ነው። ጋሽ ንጉሤ የሚወዱት የኛን ከተማ ቡድን ራኒንግ ባክ ነበር፤ «ዶዘር» የሚል ስም አውጥተውለታል። ከባድ ሰው ነው፤ አይሸሽም፤ የቆመበትን ሰው ደረቱን ብሎት ሁለት እርምጃ ገፍቶ ይወድቃል፤ ይነሣና እንደገና ይገፋል። አባቴ ደግሞ የሌላ ከተማ ተጫዋች ነበር የሚያመልከው። ቀጭንና አጭር ሲሆን፣ ሦስት ሰው እጁን ዘርግቶ ሲመጣበት በመሃላቸው ሙልጭ ብሎ ይወጣል። እሱ «ዓሣው» ነው። ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር እኔ አሜሪካ ከመግባቴ በፊት የተጀመረ ነበር፤ ከጠዋት ፈረቃ እስከ ማታ ፈረቃ ሲሻገር የከረመ ክርክር ነው።

እኔና እናቴ የመጣነው አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው። አባቴ ከአዲስ አበባ ሲሄድ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አበባ ይዞ የቆመውን ሰው ያወቅሁት በፎቶ ነው። እኛ በመጣን ሳምንት ጋሽ ንጉሤ ልብሳቸውን ሁለት ሻንጣ ውስጥ ከተቱና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄዱ። «ቤቱ ለቤተሰብ ነው» አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም። የእሳቸው ባለቤት እትዬ አልማዝና የኔ እኩያ የሆነችው ልጃቸው ማርታ ፕሮሰሳቸው ገና አላለቀም ነበር።

ሄዱ ማለት ግን ቀሩ ማለት አልነበረም። እሑድ እሑድ ከአሌክሳንድሪያ የወንዙን ድልድይ ተሻግረው ይመጣሉ። እናቴ የዶሮ ክንፍ በአዋዜ ለውሳ ምድጃ ውስጥ ትከታለች። ይህን ምግብ የፈለሰፈችው ራሷ ናት፤ ሳሎኑ በርበሬ በርበሬ እያለው፣ እኛ እየሳልን፣ ሁለቱ ሰዎች አጥንት ይዘው እጃቸውን እያወናጨፉ ይሟገታሉ። እውነቱን ልናገርና እኔ አባቴን የለመድኩት በእነዚያ እሑዶች ነው። ብቻችንን ስንሆን ምን እንደምንባባል ስለማናውቅ የአየር ሁኔታ እናወራ ነበር። ጋሽ ንጉሤ ካሉ ግን አባቴ ይስቃል፤ ሲስቅ ደግሞ ፎቶው ላይ የማውቀውን ሰው ይመስላል።

ጠቡ የመጣው በሦስተኛው ዓመት፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ነው። ያን እሑድ ከእድር የመጡ ሦስት እንግዶች ነበሩን። ዶዘር ክፉ ቀን ገጠመው፤ ኳሷን ሁለት ጊዜ ጣላት። አባቴ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እያጨበጨበ፣ በእንግዶቹ ፊት፣ «ድሮም ንጉሤ ሲመርጥ አያውቅበትም!» አለ።

ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ ንጉሤ አልሳቁም። ያልጨረሱትን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ እጃቸውን በወረቀት ጣት በጣት ጠረጉ፣ እናቴን ሦስት ጊዜ ስመው «እግዜር ይስጥልኝ ወርቄ» አሉና ጃኬታቸውን አንጠልጥለው ወጡ። አባቴ ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ስለነበር ሽንት ቤት የሄዱ መስሎት መልሳቸውን ሲጠብቅ ነበር።

ስድስት እሑድ አልመጡም። ፈረቃቸውንም አስቀየሩ። አባቴ ስልክ ቢደውል አያነሡም። መጀመሪያ ተቆጣ፤ «ስለ ኳስ? ስለ ኳስ ሰው ይኮረፋል?» እያለ ቤቱን ዞረ። ከዚያ መደወሉንም ተወ። እሑድ ሲሆን ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል፤ እናቴ ክንፉን መጥበስ ተወች። እኔም አባቴን እንደገና ላጣው ነው ብዬ ፈራሁ። ይህን ያኔ ለማንም አልተናገርኩም።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተላከ። ሰብሳቢው የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ መኰንን ነበሩ። አገር ቤት ለብዙ ዘመን የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበሩ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ መዝገብ የሚከፈትለት ይመስላቸዋል። ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሳሎናችን ተሰየሙ። ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጠው መረመሩ።

«ገንዘብ አለ በመሃላችሁ?»

«የለም።»

«የሰማችሁት ሐሜት?»

«የለም» አሉ ጋሽ ንጉሤ። «ስለ ዶዘር ነው።»

«ዶዘር ማነው?»

ተነገራቸው። አቶ መኰንን ብዙ አሰቡ። አስተዋይ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ከኳሱ በስተጀርባ ምን እንዳለ ይጠይቁ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ድንበር ክርክር ወሰዱት። መሬቱ ይለካ እንደሚባለው፣ ሁለቱ ተጫዋቾች በባለሙያ ይመርመሩ፣ ባለሙያው የበለጠውን ይለይ፣ ሁለቱም ወገን ፍርዱን ተቀብለው ይታረቁ ብለው ወሰኑ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነክሼ ነበር።

«ባለሙያውን ማን እናድርግ?» አሉ አቶ መኰንን።

«ፍሬ ትሁን» አሉ ጋሽ ንጉሤ።

ሳቄ ቀጥ አለ። አቶ መኰንን «የተከራካሪው ልጅ? ይህ እንዴት ይሆናል?» ቢሉም ጋሽ ንጉሤ አልተበገሩም። «ኮሌጅ ስታቲስቲክስ ትማራለች። አምናታለሁ። አልቃወምም።» አባቴ የልጁ ስም በክብር ሲጠራ ደረቱን ነፋ። የሁለት ሳምንት ጊዜ ተሰጠኝ።

ነገሩን እንደ ቀልድ ልወስደው እችል ነበር። አልወሰድኩትም፤ አባቴ ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን ሲያይ ማየት ስለሰለቸኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የቆዩ ጋዜጦችን የስፖርት ገጽ አገላበጥኩ። በሩጫ ስንት ያርድ ሄደ፣ ስንት ጊዜ ኳስ ጣለ፣ ስንት ጊዜ መጨረሻው መስመር ገባ እያልኩ በሠንጠረዥ አሰፈርኩ። ቁጥሮቹ ዛሬ ከአእምሮዬ ጠፍተዋል። አንዱን ነገር ግን አስታውሳለሁ፤ ጥርጥር አልነበረውም፤ ዓሣው ይበልጣል።

ቀጥሎ የሁለቱንም ቃል መቀበል ነበረብኝ። የአባቴ ቃል ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ግማሹ ሰው ሆኖ ዓሣ ስለ መሆን ነው። ለጋሽ ንጉሤ ቃል ቅዳሜ ዕለት በቀዩ መስመር ባቡር ሄጄ፣ ወደ ቢጫው መስመር ቀይሬ ወንዙን ተሻገርኩ። ፀሐይ ነበረች፤ ነፋሱ ግን ጆሮ ይቆርጣል። አሌክሳንድሪያ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው።

ቤታቸው አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ቃሪያ የበዛበት ስፓጌቲ ሠርተው ነበር፤ ለእኔ በትልቁ ሳህን አቀረቡልኝ፣ ራሳቸው እዚያው ድስቱ ላይ በሉ። ከዚያ የቪዲዮ ካሴት ደረደሩ። የዶዘርን ጨዋታ ሁሉ፣ የዓሣውንም ጭምር፣ ቀርጸው አስቀምጠዋል።

«ኳሷን የያዘውን አትዪ» አሉኝ። «ከፊቱ የሚሮጠውን እዪ።»

አየሁ። ዓሣው ከመሮጡ በፊት አንድ ወፍራም ሰው ከፊቱ ይነሣና የመጣውን ሁሉ እየገፋ መንገድ ይከፍትለታል። ሰውየው መሬት ላይ ተዘርሮ ይቀራል፤ ካሜራው ዓሣውን ተከትሎ ይሄዳል። ዶዘር ፊት ግን እንዲህ ያለ ሰው የለም፤ ያለውም ደካማ ነው። ማስታወሻዬን አውጥቼ ጻፍኩ። ደስ አለኝ፤ ይህ ጋዜጣው ላይ አልነበረም።

ከዚያ፣ ዝም ከማለት ብዬ፣ ሰው ቤት ሲኬድ የሚጠየቀውን ጠየቅሁ። «እትዬ አልማዝና ማርታ መቼ ነው የሚመጡት ጋሼ?»

ካሴቱን ወደ ኋላ ያጠነጥኑ ነበር። ማሽኑ እስኪቆም ጠበቁ።

«አይመጡም» አሉ። «ሰኔ ላይ ጻፉልኝ። አልማዝ ሥራዋን፣ ቤቷን፣ የታመሙ እናቷን ጥላ አትመጣም። አልፈርድባትም፤ ዘገየሁባት። ማርታ ደግሞ ‹ማንን ብዬ ነው የምሄደው፣ አላውቀውም› አለች አሉ።»

አላውቀውም። ይህን ቃል እኔ ራሴ ከመምጣታችን በፊት በነበረው ሌሊት ለእናቴ ብያታለሁ፤ እናቴ ጎትታ ባታመጣኝ ኖሮ አልመጣም ነበር። እንባዬ መጣ።

«ከንፈር እንዳትመጥጪልኝ!» አሉ ጋሽ ንጉሤ ቆጣ ብለው። «ዶዘር ይበልጣል ብለሽ ከፈረድሽ አዝነሽልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ደግሞ ይህን ለአባትሽ እንዳትነግሪው። አደራ።»

«እሺ» አልኩ።

ለአባቴ አልነገርኩም። ለእናቴ ነገርኳት። ቤት ገብቼ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ቆሜ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። እናቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ሲመርጥ አያውቅበትም» አለች ቀስ ብላ። የአባቴን ቃል መድገሟ ነበር። ያን እሑድ ምን እንደተባለ፣ አሜሪካን መርጦ ቤተሰቡን ላጣ ሰው እንደተባለ፣ ያኔ ነው ለሁለታችንም የገባን። አባቴ በልጅ ቀልድ የሰውን ቁስል በጫማው ረግጦ አልፏል፤ መርገጡንም አያውቅም።

የፍርዱ ቀን ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። ጋሽ ንጉሤ አርባ ደቂቃ ዘገዩ፤ ድልድዩ መርከብ ለማሳለፍ መሃሉ ተነሥቶ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። አቶ መኰንን መርከቡን አጥብቀው ወቀሱ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ወረቀት ነበር። በአንዱ ላይ እውነቱን፣ በሌላው ላይ ዶዘር ይበልጣል ብዬ ጽፌያለሁ። የትኛውን እንደማነብ እስከዚያች ደቂቃ አልወሰንኩም።

ልጀምር ስል እናቴ ትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ወጣች። ትሪውን አስቀመጠች፤ አልተመለሰችም።

«ንጉሤ» አለች። «ማርታ እንዴት ናት?»

ጋሽ ንጉሤ እሷን አላዩም። እኔን ነው ያዩት። ያ አስተያየት ስንት ዓመት እንዳሳደደኝ እግዜር ያውቃል።

«አትመጣም ወርቄ» አሉ። «እናቷም አትመጣም። ቁርጡን ነግረውኛል፤ ሰኔ ላይ።»

አባቴ ጣቶቹን እያጠፈ ወራቱን ቆጠረ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ተነሣ፤ ግን ወዴት እንደሚሄድ አላወቀም፤ መሃል ምንጣፍ ላይ ቆመ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ፈርቼ ነው» አለ አባቴ። «የኔዎቹ መጥተው እዚህ ተቀምጠው፣ ያንተዎቹ የት ደረሱ ብዬ በየትኛው አፌ ልጠይቅህ? እሑድ በመጣህ ቁጥር ልጠይቅህ እልና ስለ ዓሣው አወራለሁ።»

አባቴ ሄዶ ጋሽ ንጉሤ ጉልበት ላይ ወደቀ፤ እሳቸውም ትከሻውን ይዘው አነሡት። እንደዚያ ተቃቅፈው ሲቆሙ ማናችንም ቀና ብለን አላየንም።

አቶ መኰንን ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ይህ ሌላ መዝገብ ነው» አሉ። «የተቀመጥንበት ጉዳይ ፍርዱ አልተሰማም።»

ጋሽ ንጉሤ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። «ይሰማ!» አሉ። «ይነበብ ፍሬ።»

እውነተኛውን ወረቀት አወጣሁ። በሩጫም፣ ኳስ ባለመጣልም፣ መስመር በመግባትም ዓሣው እንደሚበልጥ፣ ዶዘር ግን መንገድ የሚከፍትለት ሰው ቢኖረው ልዩነቱ ይጠብ እንደነበር አነበብኩ።

«ተቀብያለሁ» አሉ ጋሽ ንጉሤ ወዲያውኑ።

«እኔ አልቀበልም!» አለ አባቴ። አሸናፊው እሱ መሆኑን ሽማግሌዎቹ ቢያስረዱት አልሰማ አለ። «ዶዘር ነው የሚበልጠው። ከፊቱ ሰው ሳይኖር የሚገፋ ይበልጣል!»

«ቁጥር አይዋሽም ታደሰ፣ ዓሣው ነው!»

«ዶዘር ነው አልኩህ!»

አንዱ የሌላውን ተጫዋች ይዞ እንዲህ ሲሟገቱ ክንፉ ቀዘቀዘ። አቶ መኰንን ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተው እንጀራ እንዲቀርብላቸው ጠየቁ።

በሳምንቱ፣ ማንንም ሳላማክር፣ ለማርታ ደብዳቤ ጻፍኩላት። እኔም የማላውቀው ሰው ዘንድ እንደመጣሁ፣ አባቷ ድስት ላይ በልተው ለእንግዳ ሳህን እንደሚሰጡ ነገርኳት። ሰባት ወር ቆይታ መለሰችልኝ። መጻጻፋችን ቀጠለ፤ እሷና አባቷም ስልክ መደዋወል ጀመሩ። ከስንት ዓመት በኋላ ዲቪ ደርሷት ከባሏ ጋር መጣች። ዛሬ ውድብሪጅ ነው የሚኖሩት፤ ጋሽ ንጉሤም እነሱ ጋ ናቸው፤ ሰማንያን አልፈዋል።

ለሊያ ጥያቄ መልስ የምሰጥ ሰው እኔ እንዳልሆንኩ ስለማውቅ፣ ባለፈው እሑድ ይዣት ሄድኩ። ጋሽ ንጉሤ ፎቶዎቹን ገፋ አደረጓቸው። «የቆመ ሰው በምን ይታወቃል? ሲሮጡ አሳዪኝ» አሏት። ስልኳ ላይ እያጎነበሱ፣ እሳቸው በአማርኛ እሷ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተግባቡ። ከዚያ ማርታ ሊያን ጓሮዋን ልታሳያት ወሰደቻት፤ እኔና ጋሽ ንጉሤ ብቻችንን ቀረን።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ሳልናገር የሚያልፍ ነገር ያስፈራኛል። «ጋሼ» አልኳቸው፣ «ያኔ አሌክሳንድሪያ በአደራ የነገሩኝን ለእማዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

አዩኝና ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

«እስከ ዛሬ ይህን ተሸክመሽ ነው? አንቺ ልጅ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንቺን የመረጥኩሽ ፉትቦል ታውቃለች ብዬ መሰለሽ? ለታደሰ የምነግርበት አፍ አጣሁ። ለአባትሽ አትንገሪ አልኩሽ እንጂ ስለ እናትሽ ምን አልኩ? የሃያ ዓመት ልጅ ከእናቷ የምትደብቀው የላትም።»

ታዲያ ያን ቀን ለምን እንደዚያ አዩኝ ልላቸው ነበር፤ ተውኩት። እንዳሉት ያኔውኑ አስበውበት ይሁን፣ ወይስ ሸክሜን ሊያቀሉልኝ እዚያው ተቀምጠው የፈጠሩት ይሁን፣ አላወቅሁም፤ ማወቅም አልፈለግሁም። የትኛውም ቢሆን እኔን ለማዳን የተባለ ነው። ትከሻቸውን ስሜ ወጣሁ።

መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው እየተጎተተ ሲሄድ ሊያ ዞር ብላ አየችኝ። «ማም፣ አር ዩ ክራይንግ?»

«አዎ፣ እያለቀስኩ ነው» አልኳት። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ከውድብሪጅ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው መንገድ አልበቃኝም፤ ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩላት።